ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ ዓሣው ግን ዳር ነው

ስልካችሁ ላይ አንድ የዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ ከከፈታችሁ አለቀ፤ አልጎሪዝሙ አይለቃችሁም። አንዱ ፈረንጅ ሰፊ ሐይቅ መሃል በሚያብረቀርቅ ጀልባ ቀስ እያለ ይነዳል። ከኋላው አራት አምስት ዘንግ ተደግኗል፣ ስክሪኑ ከሥሩ ያለውን ጥልቀት ያሳያል። ድንገት አንዱ ዘንግ ይጎብጥና የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው ዓሣ ይወጣል። ዘዴው ትሮሊንግ ይባላል። ቁርጥ ያለ የአማርኛ ስም የለውም፤ ጀልባ እየነዱ ማታለያ መጎተት ብንለው ያስኬዳል።

የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ልጅ ይሄን ሲያይ ወዲያው ብልጭ የምትልለት ሐሳብ አለች፦ «እኛም እኮ ጥልቅ ሐይቅ አለን!» አለን፤ እውነት ነው። ከሆሳዕና በጊምቢቹ ወይም በሆመቾ በኩል፣ ከዱራሜ ደግሞ በሐደሮና በሙዱላ አድርጋችሁ ቁልቁል ወደ ኦሞ ሸለቆ ከወረዳችሁ የጊቤ ሦስት ግድብ ያስተኛው ውኃ አለ። ሥራ የሌላቸው ጓደኛሞች ተሰብስበው «እንደራጅ፣ ብድር እንውሰድ፣ ሞተር ጀልባ እንግዛ» ቢሉ አይገርመኝም። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የዕቃ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከዩቲዩብ የተቀዳ ከሆነ ብድሩ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ይሰምጣል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው፤ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ካላካፈለ እንቅልፍ አይወስደውም። ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ አለው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነበር። ከኋላው የተኛው ውኃ ሲሞላ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የሚሸፍነው ቦታ ግን ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። አካፍሉት፤ ከዳር እስከ ዳር በአማካይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። የሚይዘው ውኃ ደግሞ ከ14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። እሱንም በስፋቱ ስታካፍሉት አማካይ ጥልቀቱ ወደ 70 ሜትር ይመጣል። አማካዩ ነው እንግዲህ፤ ግድቡ ጋ ስትጠጉ ከ200 ሜትር ያልፋል።

አሁን ከለመድናቸው ሐይቆች ጋር አስተያዩት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ነው። ዝዋይ 9 ሜትር ገደማ። ሐዋሳ ሃያን ትንሽ ቢያልፍ ነው። የራሳችን የሻሾጎው ቦዮ ደግሞ ከሐይቅነቱ ረግረግነቱ ያይላል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ግን ውኃው ሶዳ ነው፤ የዓሣ ንግድ አይታሰብበትም። በአጭሩ፣ የሀገራችን ዓሣ የሚመጣባቸው ሐይቆች ሰፊ ሳህን ናቸው። ጊቤ ሦስት ግን ገደል ውስጥ የተኛ ረጅም ቦይ ነው። ዝዋይ ላይ መረብ ጥሎ ያደገ ሰው ልምዱ እንዳለ አይሠራለትም፤ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮማ ጭራሽ።

ለምን? ያ ውኃ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንዝ ነበር። ውስጡ ያለው ዓሣም የወንዝ ዓሣ ነው። የወንዝ ዓሣ ዳር ያውቃል፣ ድንጋይና ሥር ያውቃል፣ ገባር ወንዝ የሚያመጣውን ምግብ ያውቃል። ከሥሩ መቶ ሜትር ጨለማ ያለበት ሰፊ ውኃ መሃል መኖርን ግን አያውቅም።

ይሄን ነገር በደንብ ያሳየው የካሪባ ሐይቅ ነው። ዛምቢያና ዚምባብዌ ድንበር ላይ ዛምቤዚ ተገድቦ ካሪባ ሲሞላ፣ የወንዙ ዓሦች ዳር ዳሩን ያዙና መሃሉ ባዶ ቀረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1968 ካፔንታ የሚባል ጣት የማያህል ዓሣ ከታንጋኒካ ሐይቅ አምጥተው ለቀቁበት። ታንጋኒካ የጥንት ጥልቅ ሐይቅ ስለሆነ ካፔንታ መሃል ውኃ መኖር ያውቅበታል። ዛሬ ካሪባ ላይ ማታ ማታ መብራት አብርተው በመረብ የሚያወጡት እሱን ነው። እኛም እንዲሁ እናድርግ እያልኩ አይደለም። ከውጭ ዓሣ አምጥቶ መልቀቅ ቪክቶሪያ ሐይቅን ምን እንዳደረገው ይታወቃል፤ ናይል ፐርች ገብቶ በመቶ የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሣ ዝርያዎችን አመናምኗል። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ካሪባ ላይ መሃሉ ባዶ የቀረው ሰው ማጥመጃ ስላጣ ሳይሆን ዓሣው ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አየር ነው። በሞቃት አገር ያለ ጥልቅ ውኃ እንደ ንብርብር እንጀራ ይደራረባል፤ ላዩ ይሞቃል፣ ታቹ ይቀዘቅዛል፣ ሁለቱ ቶሎ አይቀላቀሉም። ከላይ የሞተ ቅጠልና እንጨት ወርዶ ታች ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። የቢሾፍቱ ልጆች ይሄን ያለ ሳይንስም ያውቁታል። እዚያ ያሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ትንሽ ግን ጥልቅ ናቸው፤ በብርዱ ወራት ንፋስ ሲነሳ የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ይገለበጥና አንዳንዴ ዓሣ በገፍ ሞቶ ይንሳፈፋል። እንግዲህ ሰማንያ ሜትር ድረስ መረብ ወይም መንጠቆ የሚያወርድ ሰው እዚያ ማንን ነው የሚጠብቀው?

እዚህ ላይ ነው የቪዲዮው ዕቃ የሚከሽፈው። ፈረንጆቹ ዳውንሪገር የሚሉት መሣሪያ አለ። ጀልባው ጎን የሚታሰር ማጠንጠኛ ነው፤ በብረት ሽቦ አራት አምስት ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ኳስ ያወርዳል፣ የማጥመጃው ክር ኳሱ ላይ በመቆንጠጫ ይያዛል። ዓሣው ሲነክስ መቆንጠጫው ይለቅና ትግሉ በዘንጉ ይሆናል። ግሩም መሣሪያ ነው፤ ግን የሠሩት ለሳልመንና ለትራውት ነው። ሚሺጋን ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1966 ኮሆ ሳልመን ከተለቀቀ በኋላ የትሮሊንግ ገበያው ደራ። እነዚያ ዓሦች ብርድ ይወዳሉ፤ በበጋ ላዩ ሲሞቅባቸው ወደ ቀዝቃዛው ጥልቀት ይወርዳሉ፣ እዚያ ደግሞ አየር አለ። የእኛ ዓሣ የቆላ ዓሣ ነው፤ ሙቀቱን ይፈልገዋል። ዳውንሪገር ገዝቶ ጊቤ ሦስት ላይ መውረድ ጋቢ ገዝቶ አፋር እንደመሄድ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፦ የሚጎተት ማታለያ የሚያባርረው አዳኝ ዓሣ ብቻ ነው። በኦሞ ጊቤ ተፋሰስ ከሚታወቁት ዓሦች ቆሮሶ አለ፤ ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ በል ነው። ፕላስቲክ ዓሣ እያውለበለባችሁ ፊቱ ብታልፉ ዞር ብሎም አያያችሁ። አምባዛ ያገኘውን ይበላል፣ ግን የሚያድነው በሽታና በጢሙ ነው፤ የሚሸት ነገር ከሥር ተኝቶለት ቢያገኝ ይመርጣል። ባርበስ፣ ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚሉት ዘመድ፣ አንዳንዴ የምታብረቀርቅ ትንሽ ማታለያ ይነክሳል። ለትሮሊንግ የተፈጠረው ግን ናይል ፐርች ነው። በዓለም አቀፍ የስፖርት አጥማጆች መዝገብ ትልቁ ናይል ፐርች ከ104 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ግብፅ ውስጥ ናስር ሐይቅ ላይ የተያዘ ነው።

ስለዚህ ትሮሊንጉን ራሱን መሞከር የምትፈልጉ፣ ለገቢ ሳይሆን ለደስታው፣ ቦታችሁ ጫሞ ነው። ከሆሳዕና በወላይታ ሶዶ በኩል አርባ ምንጭ መሄድ ነው። የሐይቁ ከፊል የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ የጫሞን አዞም አትናቁት።

ጫሞ አሥራ ጥቂት ሜትር ጥልቀት ስላለው ዳውንሪገር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አፉ ሥር የፕላስቲክ ምላስ ያለው ማታለያ ነው። ምላሱ ሰፊና ረጅም ሲሆን ውኃው ገፍቶ ወደ ታች ያጠልቀዋል፤ አጭር ሲሆን ላይ ላዩን ይሄዳል። ክሩ ቀጭን ሲሆን የበለጠ ይጠልቃል፣ ምክንያቱም ወፍራም ክር ውኃው ይይዘዋል። ቀጭን ሆኖ ጠንካራ የሚሆነው የተጎነጎነው ክር ነው። ጫፉ ላይ ግን አንድ ሁለት ሜትር ወፍራም ናይለን ጨምሩ፤ የፐርች የጉንጭ አጥንት እንደ ቢላ ይቆርጣል። ማታለያውን ከጀልባው ኋላ ከ30 እስከ 60 ሜትር ልቀቁት። ፍጥነቱ የእግር መንገድ ያህል ነው፤ በሰዓት ከ3 እስከ 6 ኪሎ ሜትር። ቀጥ ብላችሁ አትንዱ፤ እንደ እባብ ተጠማዘዙ። ስትዞሩ በውስጥ በኩል ያለው ማታለያ ይዘገያል፣ በውጭ በኩል ያለው ይፈጥናል። ዓሣው የቱን እንደመረጠ ካያችሁ ቀጥሎ በምን ፍጥነት እንደምትነዱ ራሱ ነገራችሁ ማለት ነው። በጣም የምወደው ነገር ይሄ ነው፤ ነፃ የገበያ ጥናት!

ዘንጉን በእጅ መያዝ ግዴታ አይደለም፣ ግን ከጀልባው ጋር ይታሰር። ትልቅ ዓሣ ያልታሰረ ዘንግ ይዞ ሲሄድ ተመልሶ አይመጣም።

ወደ ጊቤ ሦስት እንመለስ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አምስት ሆናችሁ ብድር ወሰዳችሁ እንበል። ሞተሩ በቀስታ ሲነዳ በሰዓት ሁለት ሊትር ቤንዚን ቢጠጣና በቀን አራት ሰዓት ብትዞሩ ስምንት ሊትር ነው። በዕለቱ የቤንዚን ዋጋ አባዙትና ለአንድ ኪሎ ዓሣ ነጋዴ በሚሰጣችሁ ዋጋ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር አንድም ብር ሳታተርፉ፣ ለነዳጁ ብቻ መያዝ ያለባችሁ ኪሎ ነው። በላዩ የአምስት ሰው ቀን፣ የብድሩ ወለድ፣ የሞተሩ መለዋወጫ አለ። መረብ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቤንዚን ሳይጠጣ ይሠራል። ስትተኙም ይሠራል።

እንግዲህ ዕቃው ይሄ ነው፤ ብዙም አያምርም። ተንጠልጣይ መረብ፤ ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች እርሳስ ያለው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ላይ መረቡን ወለል ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እዚህ ግን ገደሉ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ከዳር ሃያ እርምጃ ወጣ ስትሉ መረቡ ዓሣ ወደሌለበት ጨለማ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከላይ በክር አንጠልጥላችሁ ከሁለት እስከ አሥር ሜትር መካከል የተለያየ ጥልቀት ሞክሩ። ተንሳፋፊው የሃይላንድ ጠርሙስ ቢሆን ማንም አይስቅባችሁም፤ ክዳኑን አጥብቁት እንጂ። ጥልቀት ለመለካት ስክሪን ያለው መሣሪያ አያስፈልግም። በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮበት ይበቃል። የትኛው ቋጠሮ ላይ ምን ያህል እንደተያዘ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ከሁለት ወር በኋላ ያ መዝገብ ከጀልባው የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል፤ ብድር አበዳሪም ፊት ቢቀርብ ክብር አለው።

ለአምባዛ ረጅም ገመድ ላይ በየአንድ ሁለት ሜትሩ አጭር ክርና መንጠቆ አስሩ፤ የዓሣ ቁራጭ ሰክታችሁ ማታ ጣሉት፣ ጠዋት አንሱት። ገመዱ ከዳር ወደ መሃል አይዘረጋ፤ ከዳሩ ጋር ትይዩ ይሁን። አለበለዚያ ግማሹ መንጠቆ ባዶ ውኃ ውስጥ ያድራል። ባለሦስት ጥርስ መንጠቆ ቪዲዮ ላይ ቢያምርም ውኃው የሸፈነው ሸለቆ ዛፍና ቁጥቋጦ ነበረበት፤ ባለ አንድ ጥርስ ግዙ፣ ቢያዝም ይላቀቃል። ከሰዓት በኋላ ገደሉ ውስጥ ንፋስ ሲነሳ ጠባብ ጀልባ አይታመንም፤ የሕይወት አድን ጃኬት ከመረቡ በፊት ይገዛ። አጎበር ደግሞ ለወባ ነው፤ ዓሣ ማጥመጃ ያደረገው ሰው ጫጩቱን ጠርጎ የሚቀጥለውን ዓመት ይበላል።

ጥሩው ቦታ የት ነው? ገባር ወንዝ የሚገባበት ኩርባ ነው። የአጆራን ፏፏቴ ያየ ሰው አጃቾና ሶኬ ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቆ ያውቅ ይሆናል፤ ወደ ኦሞ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ደጋ የሚወርደው ወንዝ አፈርና ምግብ ይዞ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ውኃው ይረጋል፣ ዓሣውም እዚያ ይሰበሰባል።

እዚያው ላይ ግን ወጥመዱ አለ፤ ለዓሣው ሳይሆን ለእኛ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ነጭ ዓሣው በክረምት እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዞቹ ሲወጣ አጥማጆቹ የወንዝ አፍ ላይ ጠበቁት። ጥሩ ገቢ ነበር፣ ለጥቂት ዓመታት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የዚያ ዓሣ መጠን ከግማሽ በላይ ወረደ። የጊቤ ሦስት ባርበስም ያንኑ ጠባይ ነው ያለው፤ ወንዝ ፈልጎ ይወጣል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ማኅበር ብድሩን በሁለት ዓመት ሊመልስ ይችላል። በአምስተኛው ዓመት ግን ጀልባውን ለማን እንደሚሸጠው ከአሁኑ ያስብ። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ ለማጥመድ ፈቃድ ይጠይቃል፣ መርዝና ፈንጂም ይከለክላል፤ ብርብራ ፈጭቶ ወንዝ ላይ መበተን ባህል ነው ብሎ መከራከር አያስኬድም። በክረምት የወንዙን አፍ መተው ግን ወረቀት እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገር አይመስለኝም። አጥማጆቹ ራሳቸው ቢስማሙበት እርካሽ ነው፤ ቆሮሶ በሌላ ቦታ እያጠመዱ ሦስት ወር መግፋት ይቻላል።

ገንዘቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ውኃው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ። ያን ሁሉ ዳገት ዓሣው በቆላ ሙቀት፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታጭቆ ከወጣ ከተማ ሲደርስ ዋጋው ግማሽ ነው፣ ሽታው ግን ድርብ። እኛ አካባቢ ያደገ ሰው ለበዓል የሚያስበው በሬ ነው፤ ለያሆዴም ለመሳላም ዓሣ አርዶ የሚጠራ ጎረቤት አላየሁም። አንዴ የሸተተ ዓሣ የገዛች እናት ደግሞ ሁለተኛ አትሞክርም። ስለዚህ ዓሣው እንደወጣ ሆድ ዕቃው ይጽዳ፤ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ታስቦ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ይደራረብ፣ የሚቀልጠው ውኃ መውጫ ይኑረው። ዳውንሪገሩን ትታችሁ በዚያ ብር በረዶ ሳጥን ግዙ ብላችሁ ማኅበሩን ካሳመናችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ፣ ያለ ብድርም መሥራት ይቻላል። ግድቡ በክረምት ይሞላና በበጋ ውኃው ለተርባይን እየሄደ ይወርዳል፤ ግንቦት አካባቢ ዳሩ ብዙ ሜትር ተገልጦ ይታያል። ያን ጊዜ ስልካችሁን ይዛችሁ በዳሩ ሂዱ። ጉቶ ያለበትን፣ ድንጋይ የተቆለለበትን፣ የድሮው ጅረት የቦረቦረውን ቦይ እያያችሁ ካርታው ላይ ምልክት አኑሩ፣ ፎቶውንም አብራችሁ አስቀምጡ። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ካርታውን ብቻ ቀድማችሁ አውርዱት። መስከረም ላይ ውኃው ተመልሶ ሁሉንም ሲሸፍነው መረብ የሚቀደድበትንም ዓሣ የሚያድርበትንም የምታውቁት እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ።